አንጀት ከተሰፋ በኋላ፦ የማገገም ታሪክ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የተነካ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ከቁስሉ ሕመም ባልተናነሰ ከማቅለሽለሽ፣ ከትውከትና ከሆድ መነፋት ጋር ሲታገል ነው። አንጀት ሲገለጥ፣ በእጅ ሲዳሰስና ሲሰፋ እንቅስቃሴውን ያቆማል። ትንሹ አንጀት ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፤ ጨጓራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይወስድባቸዋል። እስከዚያው ጨጓራ የሚያመነጨው ፈሳሽና ከምራቅ ጋር የተዋጠው አየር መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ሆድ ይወጠራል፣ አፍ ይመራል፣ ግሳት ይመላለሳል፣ በመጨረሻም ያስመልሳል። የማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው መድኃኒት ይህን ሁሉ ያባብሰዋል።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው ስም ከደቡብ ኢትዮጵያው ቦረና ጋር ቢመሳሰልም ቦታው ሌላ ነው። በዙሪያዋ ያሉት አማራ ሳይንት፣ መሐል ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ደብረ ሲና፣ ወግዲ፣ ከለላና መቅደላ ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች በላይ የተዘረጉ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ የሚበቅልባቸው አገሮች ናቸው። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ እዚህም ሰውን ለአንጀት ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ነው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ረዝሞ ሲንዠቀዠቅ በራሱ ላይ ይዞራል፤ ሁለቱም ጫፎች ይዘጋሉ፤ የደም ዝውውሩም ይቋረጣል። በሽታው ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል። ሐኪሞች ምክንያቱን በገለባና በቃጫ ከበለጸገው የእህል ምግብ ጋር ያያይዙታል፤ ከፍታውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም የሚሉ አሉ። በደቡብ አሜሪካ በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦችም ያው የረዘመ አንጀትና ያው በሽታ አላቸው። የትንሹ አንጀት መጠማዘዝ፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ የታነቀ ቡአ፣ በታይፎይድ የተቀደደ አንጀትና የጥይት ቁስል ይከተላሉ።

ቀዶ ሕክምና ወደዚህ አገር ከመግባቱ በፊት እነዚህ በሽታዎች በየራሳቸው ስም አይለዩም ነበር፤ ሁሉም ቁርጠት ነበሩ። ለቁርጠትና ለማቅለሽለሽ የሚቀርበው መድኃኒት ግን ብዙና የታወቀ ነበር። ጤና አዳም ይታኘካል ወይም በቡና ይጠጣል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይቀጠቀጣሉ። ጦስኝ እንደ ሻይ ይፈላል። ሎሚ ይሸተታል፣ ይላሳል። ተልባ ለደረቀ አንጀት ይበጠበጣል። ደብተራዎች የሚገለብጧቸው የመድኃኒት መጻሕፍትም ለሆድ ሕመምና ለትውከት የሚሆኑ ቅመማዎችን ይዘዋል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን ተርጉሞ አሳትሟል። ከቅጠላ ቅጠሉ ጎን ለጎን ክርስቲያኑ ወደ አጥቢያው ጠበል ይወርዳል። ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በወዳጃ ይለምንለታል። በወሎ ሁለቱ ወገኖች ተጋብተውና ተጎራብተው ስለሚኖሩ አንድ ሕመምተኛ ጠበሉንም ዱዓውንም ሲያገኝ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ እውቀት መካከል የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን በመጠኑ እንደሚቀንስ በዘመናዊ ጥናት ተፈትኖ ታይቷል። የሎሚ ሽታም ለብዙ ሰው እፎይታ ይሰጣል። በሌላው ወገን ደግሞ ማስወጣትን ፈውስ አድርጎ የሚያይ ጠንካራ ልማድ ነበር። የጥሬ ሥጋ ተመጋቢው አገር በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከቤት አይወጣም፣ ማቅለሽለሹም ሆነ ተቅማጡ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ አንጀቱ ለተጠማዘዘ ሰው አደገኛ ነው። ለተዘጋ አንጀት የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት በተዘጋ በር ላይ መግፋት ስለሆነ ግፊቱ የደከመውን አንጀት ሊበሳው ይችላል። የተነፋ ሆድን አጥብቆ ማሸትም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚመጣው መነፋት ላይ ይኸው ልማድ እንዳይደገም አስታማሚዎችን ማስጠንቀቅ እስከ ዛሬ የነርሶች ሥራ ነው።

በአውሮፓ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም በእነዚህ ደጋዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው በፈቃዱ አልነበረም። እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጥቶ ከ1858 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በመቅደላ አምባ ታሰረ። እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚያው ቆይቶ ሲፈታ የእስር ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ በተደረገው ውጊያና ሚያዝያ 6 አምባው በተያዘበት ቀን እስረኞቹን ለማስፈታት ከመጣው ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የነበሩት ሐኪሞች ክሎሮፎርም ነበራቸው፤ እጅና እግር መቁረጥ፣ ጥይት ማውጣት ይችሉ ነበር። ሆድን መክፈት ግን በዚያ ዘመን በለንደንም ቢሆን ከሞት የማይተናነስ ነገር ነበር። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከጀርም የመጠበቂያ ዘዴውን ካሳተመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ በመቅደላ አንጀቱ በጥይት ለተመታ ወታደር፣ ሐበሻም ይሁን እንግሊዛዊ፣ ከውሃና ከማስታገሻ ያለፈ የሚደረግለት አልነበረም።

ከዚያው አምባ የተወሰደ አንድ ሕፃን ግን የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ ቀየረ። ሦስት ዓመት ገደማ የነበረው ወርቅነህ እሸቴ ከውጊያው በኋላ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ሄደ። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ በስኮትላንድም ትምህርቱን ቀጠለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ አገሩ ተመልሶ ቤተሰቡን ያገኘው ሐኪም ወርቅነህ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው። እርሱ በተመለሰበት ጊዜ ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሆስፒታል አቋቁሞ ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክ ከዚያ ይነሣል። ለመካነ ሰላም ሰው ግን አዲስ አበባ ከአባይ ማዶ ካለው አገር የቀረበች አልነበረችም።

ለምዕራቡ ወሎ የቀረበው የቀዶ ሕክምና በር ደሴ ነበር። በ1920ዎቹ በከተማው የአድቬንቲስት ሚሲዮን የሚመራው ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ይህ ሆስፒታልም ተመታ፤ በዚያ የነበሩ ሐኪሞች ለዓለም ያሰሙት ተቃውሞ በጊዜው ጋዜጦች ላይ ወጥቷል። ከነፃነት በኋላ የደሴ ሆስፒታል የወሎ ሁሉ ማረፊያ ሆነ። በሰሜን በኩል ቦሩ ሜዳ ላይ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የጀመረው ተቋም በኋላ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታልነት አድጓል።

በሽተኛው ወደ ደሴ የሚደርስበት መንገድ የማገገሙን ነገር አስቀድሞ የሚወስን ነበር፤ ይህ የታሪኩ ዋና ክፍል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሕመምተኛው ከቆላው ጠርዝ ወይም ከሳይንት መንደሮች በቃሬዛ ይነሣል። የቀበሌው ወንዶች ትከሻ እየተቀያየሩ ወደ መኪና መንገድ ያደርሱታል። ከዚያ መኪና እስኪገኝ ይጠበቃል፤ ከተገኘም በኋላ የጠጠሩ መንገድ በአቀስታና በጉጉፍቱ ብርዳም ከፍታ አልፎ ወደ ደሴ እስኪደርስ ቀን ይመሻል። በነዚህ ቀናት ሁሉ ያስመልሳል። ከትውከቱ ጋር ጨውና ፖታሲየም ይወጣል። ፖታሲየም ያነሰው አንጀት ደግሞ ከተሰፋ በኋላም በቶሎ አይነቃም፤ የአንጀት ጡንቻ ያለ ፖታሲየም አይኮማተርም። አንዱ በሁለተኛው ቀን ሾርባ ሲጠጣ ሌላው በአምስተኛውም ቀን የሚያስመልሰው አንዳንዴ በቀዶ ሐኪሞቹ እጅ ልዩነት የተነሣ አይደለም። ሁለተኛው ሦስት ቀን በቃሬዛና በመኪና ላይ ያሳለፈ ስለሆነ ነው። ዛሬም ጠንቃቃ ሐኪም ሕመምተኛውን ወደ ቀዶ ክፍል ከማስገባቱ በፊት ፈሳሹንና ጨዉን በደም ሥር የሚተካው ለዚህ ነው።

የተጠማዘዘ አንጀት ሁሉ ግን ወዲያው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ኖርዌያዊው ሐኪም ብሩስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሳየው፣ አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ በኩል በመመልከቻ መሣሪያ ቱቦ አስገብቶ የታሰረውን አየርና ሰገራ ማስለቀቅ ይቻላል። ሆዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግባል፣ ማቅለሽለሹም አብሮ ይሄዳል። ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሰፊው ይሠራበታል። ችግሩ በሽታው ብዙ ጊዜ መመለሱ ነው፤ ስለዚህ የረዘመው ክፍል በቀጠሮ እንዲቆረጥ ይመከራል። እፎይ ብሎ ወደ መንደሩ የተመለሰ ገበሬ ግን በአዝመራ መካከል ለቀጠሮ መመለስ ይከብደዋል። ሁለተኛው ጥቃት ሲመጣ አንጀቱ ጠቁሮ ይገኛል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ማቅለሽለሽ ለመቋቋም 20ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው የመጀመሪያው ትልቅ መሣሪያ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባው ቱቦ ነው። የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም አብርሃም ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1921 ቀጭኑን የላስቲክ ቱቦ አስተዋወቀ። በሚኒሶታ የነበረው ኦወን ዋንገንስቲን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቱቦውን ከማያቋርጥ መሳቢያ ጋር አገናኘው፤ በአንጀት መዘጋት የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ቱቦው ከደም ሥር ፈሳሽ ጋር አብሮ ወደ ደሴም ደረሰ። በአገሬው አፍ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ማለት ሰውየው በክፉ ሕመም ላይ ነው ማለት ሆነ። ሦስተኛው ነገር በሽተኛውን ሁሉ እኩል የሚያስጨንቀው ትእዛዝ ነበር፦ ጋዝ እስኪወጣ ድረስ በአፍ ምንም እንዳይገባ።

ይህ ትእዛዝ ከወሎ ቤት ሥርዓት ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። በአገሩ ደንብ የታመመ ሰው ባዶ ሆዱን አይተውም። አራስ በአጥሚት፣ ቁስለኛ በአጥሚት፣ ከወረርሽኝ የተነሣ በአጥሚት ይጠገናል። አስታማሚ ሆና የመጣች እናት ወይም እህት ፔርሙዟን ሞልታ አልጋው ሥር ተቀምጣለች፤ ነርሷ «አይቀምስም» ትላታለች። የሚወዱት ሰው ከንፈሩ ደርቆ ውሃ ሲለምን መከልከል ከባድ ነው፤ ብዙዎች ሌሊት በማንኪያ ሰጥተዋል። ውጤቱም አንዳንዴ ትውከት፣ አንዳንዴ ከትውከቱ ግፊት የተነሣ የቁስል መከፈት፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ችግር የሌለበት ሆኗል። የሆስፒታሉ ሰው አስታማሚዋን እንደ አላዋቂ ማየቱ የተለመደ ነበር፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ትውከቱን በሳፋ የሚቀበለው፣ ሌሊት ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። የተፈቀደላት ነገር ሲነገራት በሚገባ ሠርታለች፦ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ አፍ ማጉመጥመጥ፣ ከወገቡ በላይ ቀና አድርጎ መደገፍ፣ ሲያስለውና ሲያስመልሰው ጋቢ አጥፎ በቁስሉ ላይ መያዝ። የጋቢው ድጋፍ በሕክምና መጻሕፍት በትራስ እንዲደረግ ከሚታዘዘው ጋር አንድ ነው።

የማደንዘዣው ታሪክ የማቅለሽለሹም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በይፋ የታየው ኤተር ሕመምን ቢያስቀርም በሽተኛውን አንድ ቀን ሙሉ ያስመልሰው ነበር። ብዙ ዓመት የኤተር ሽታ የሆስፒታል ሽታ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው ኬታሚን ከባድ መሣሪያ ሳያስፈልገው ስለሚሰጥ ለገጠር ሆስፒታሎች በረከት ሆኖ መጣ፤ ሲነቁ ግን ቅዠትና ማቅለሽለሽ ይተዋል። ለሕመሙ የሚሰጡት ፔቲዲንና ትራማዶልም ያቅለሸልሻሉ፣ አንጀትንም ያዘገያሉ። ስለዚህ ሕመሙን በፓራሲታሞልና በዳይክሎፌናክ መያዝ ከተቻለ ሆድ ቶሎ ይነቃል። ክሪስቲያን አፕፈል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መለኪያ ማን እንደሚያስመልሰው አስቀድመው የሚናገሩ አራት ነገሮች አሉ፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከዚህ ቀደም ከማደንዘዣ በኋላ ያስመለሰው ወይም መኪና የሚያስመልሰው መሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም የሌለበት ሰው ከአሥር አንድ ያህል ዕድል አለው፤ አራቱም ያሉበት ከአሥር ስምንት ያህል።

በፀረ ትውከት በኩል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፈረንሳይ የተሠራው ሜቶክሎፕራማይድ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ፕላሲል በሚለው ስሙ ከሁሉም በላይ የታወቀ ሆነ። ጨጓራን ወደ ታች ስለሚያነቃንቅ ለሰነፈ ሆድ ይረዳል፤ አንጀቱ በእርግጥ ተዘግቶ ከሆነ ግን አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኦንዳንሴትሮን ታከለ፤ ዋጋው እየወረደ ሲመጣ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎችም ገባ። በማደንዘዣው መጀመሪያ ላይ በአንድ መርፌ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ርካሽና ውጤታማ ነው። መድኃኒቱ ባለቀበት ቦታ ደግሞ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ቆዳ የሚጠረግበትን አልኮል ማሽተት ማቅለሽለሽን ለጊዜው እንደሚያስታግስ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ይህ ነገር ሎሚ ይዞ አውቶቡስ የሚሳፈረውን የወሎ መንገደኛ አያስገርመውም።

በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የሆስፒታሉ ትእዛዝ ራሱ ተለወጠ። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረጉትን ልማዶች አንድ በአንድ መርምሮ ብዙዎቹ ማስረጃ የሌላቸው መሆናቸውን አሳየ። ቱቦውን ለሁሉም ሰው ለቀናት መተው ጥቅም እንደሌለው ታወቀ፤ ፈሳሽን በደም ሥር ማብዛት አንጀቱን ራሱን እንደሚያሳብጠውና እንደሚያዘገየው ታወቀ፤ ጋዝ እስኪወጣ መጾምም አስፈላጊ አልሆነም። ያልተወሳሰበ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ቢጠጣና ቢቀምስ ስፌቱ አይጎዳም፤ ሆስፒታል የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል። አስታማሚዋ በማንኪያ የሰጠችው ነገር ሁልጊዜ ስህተት አልነበረም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ አዲስ ሥርዓት በጊዜ መጥቶ፣ ተዘጋጅቶ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው የተሠራ ነው። አንጀቱ ጠቁሮ፣ ሆዱ መግል ቋጥሮ፣ ከቀናት ጉዞ በኋላ ለደረሰው የሳይንት ገበሬ ቱቦውም ጾሙም አሁንም ያስፈልጉ ይሆናል። ሁለቱን መለየት የሐኪሙ ፈንታ ነው።

ከአልጋ መነሣትም እንዲሁ ተገልብጧል። በአገሩ ልማድ ሆዱ የተቀደደ ሰው አይነቃነቅም፣ ነፋስ እንዳይመታው ተሸፍኖ ይተኛል። በአውሮፓና በአሜሪካም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በሽተኛ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። ዛሬ በማግስቱ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም በአስታማሚ ትከሻ ተደግፎ በኮሪደሩ እንዲራመድ ይታዘዛል። መራመዱ ሳምባን ያነጻል፣ ደም በእግር እንዳይረጋ ይከላከላል። ማስቲካ ማኘክ ሆድን የሚያነቃ መሆኑን የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተዋል፤ አንጀት ምግብ የመጣ ይመስለዋል። ለወሎ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው ግን የቡናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከጀርመን ሃይድልበርግ የወጣ ጥናት ከትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የጠጡ ሕሙማን ውሃ ከጠጡት ቀድመው ሰገራ እንደወጡ አገኘ፤ 60 ሰዓት ያህል ለቡናው፣ 74 ሰዓት ያህል ለውሃው። በቀን አቦል፣ ቶናና በረካ የለመደ ሰው በድንገት ሲከለከል የሚመጣበት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ እየመሰለ ያሳስታል። ጫት ግን ሌላ ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ለሚያገግም አንጀት አይሆንም።

ምግቡ ሲፈቀድ የአገሩ ጓዳ ለዚህ ነገር የተሰናዳ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ ውሃ፣ ቀጭን ሻይና የሾርባ ውሃ ይሰጣል። ቀጥሎ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ቀጠን ብሎ፣ ከዚያ በአልጫ የራሰ ፍትፍት፣ እርጎና እንቁላል ይመጣሉ። ለአጥሚቱ በደንቡ የሚጨመረው ቅቤ መዘግየት አለበት፤ ቅባት ጨጓራን ያዘገያል፣ ማቅለሽለሹን ይመልሳል። ቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጥሬ ጎመንና በርበሬ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው መጠኑ ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ስድስት ጊዜ ጥቂት መቅመስ። «ብላ፣ በሞቴ» እየተባለ በጉርሻ ማስጨነቅ በፍቅር ይደረግ እንጂ ገና ለነቃ ሆድ ፈተና ነው። የጾም ጉዳይም አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት እስከ 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ታሞ ሳለ ወተትና እንቁላል መውሰድ የሚከብደው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባት አንድ ቃል ከሐኪሙ ምክር ይልቅ ይሰማል። በረመዳንም በሽተኛ ከጾሙ ነፃ ነው፣ ሲድን ይከፍላል።

ሽታ ሌላው ፈተና ነው። በብዙ የአማራ ገጠሮች ሽቶ የተቀባ ሰው ወደ ቁስለኛ እንዳይቀርብ ይከለከላል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል ተብሎ ይታመናል። ሽቶ ቁስል አያመረቅዝም፤ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ጠንካራ ሽታ በእርግጥ ይከብዳል፤ ክልከላው በዚህ በኩል ይጠቅማል። የቁሌት ሽታ፣ የዕጣን ጭስና የተጨናነቀ ክፍልም እንዲሁ ናቸው። ጠያቂ በብዛት መምጣቱ የፍቅር ምልክት ቢሆንም በሽተኛው ሁሉን ለመመለስ ሲል አየር እየዋጠ ያወራል። ይዘውለት የሚመጡት የአምቦ ውሃና ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ለተነፋ ሆድ ተጨማሪ ጋዝ ነው፤ ከተሰጠም ተከፍቶ ጋዙ እስኪወጣ ቢቆይ ይሻላል።

ጥቂት ሕሙማን ሌላ ሸክም ይዘው ይወጣሉ። አንጀቱ ሞቶ የተገኘ እንደሆነ ሐኪሙ ወዲያው መልሶ መስፋት ላይደፍር ይችላል፤ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳስተዋወቀው ጫፉን በሆድ ላይ አውጥቶ ሰገራ በዚያ እንዲወርድ ያደርጋል። ለጊዜው ቢባልም ወራት ይወስዳል። የሚጣበቀው ከረጢት በገጠር አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው፤ ሰዎች በጨርቅና በላስቲክ ይሸፍኑታል። ቆዳው ይላጣል፣ ሽታው ያሳፍራል። ሽታውን የፈራ ሰው መብላት ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ይደክማል፣ ያቅለሸልሸዋል። ቤተ ክርስቲያን መግባትና መስጊድ መቆም የሚከብዳቸው አሉ። በእስልምና ሕግ ይህ ዓይነቱ ሁኔታ ዑዝር፣ ማለትም ተቀባይነት ያለው ምክንያት ነው፣ ሶላት አያስቀርም። ምእመኑ ክርስቲያንም ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ መፍትሔ ያገኛል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ማግኘት ከረጢቱን ከማግኘት ባልተናነሰ ይረዳቸዋል።

ባለፉት ሁለት አሥርታት በሩ ወደ መንደሩ ቀርቧል። መንግሥት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሰማራት ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ተጀመረ፤ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናትና የተዘጋ አንጀትን የሚታደጉ እነርሱ ናቸው። ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚያገለግሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በየወረዳው ተሠሩ፤ መካነ ሰላምና አቀስታም የየራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ከዚያ ወደሌሎቹ ተስፋፋ። ይህ ሁሉ ሳይጸና ጦርነት መጣ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ በትግራይ ኃይሎች ስትያዝ ሆስፒታሏ ተዘረፈ፤ ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ስትመለስ ከምዕራብ ወረዳዎች የሚላኩ ሕሙማን የሚደርሱበት ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዶችን ደጋግሞ ዘግቷል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሰው እንደ ድሮው ዘግይቶ ይደርሳል።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚመለስ ሰው ጉዞውን በባዶ ሆድም በጠገበ ሆድም ባያደርገው ይመረጣል። ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ቀለል ያለ ምግብ መቅመስ፣ ከፊት መቀመጥ፣ ዐይንን ከሩቅ ላይ መትከል፣ ጋቢ አጥፎ በቁስሉ ላይ መያዝ ይረዳል። ቤት ከደረሰ በኋላ ጥቂት ማቅለሽለሽና የሆድ ማጉረምረም ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ጋዝ እየወጣ፣ ሰገራም እየመጣ እስከሆነ አያስፈሩም። የሚያስፈራው አረንጓዴ ትውከት፣ እየጨመረ የሚሄድ ቁርጠት፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ሆድ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ጋዝና ሰገራ ድንገት መቋረጥ ነው። በተለይ ከአምስተኛው ቀን በኋላ እነዚህ ከታዩ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል የአንድ ሌሊት መዘግየት ብዙ ያስከፍላል። ሆድ ውስጥ የሚቀረው ጠባሳም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አንጀትን ሊያንቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቁርጠትና ትውከት የመጣበት ሰው ኮሶና ማሸት ከመሞከሩ በፊት ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ መሄድ አለበት፤ ከየትኛው አንጀት ምን ያህል እንደተቆረጠ የሚያሳየው እርሱ ስለሆነ።